ካርዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ!

(ኪሱ ለሳሳ ሰው የተጻፈ የግራፊክስ ካርድ ታሪክ)

አምስት ሆነን የምንጠቀምባት አንዲት ኮምፒውተር አለችን። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣች፣ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር ያላት፣ ፓወር ሰፕላይዋ 240 ዋት ብቻ የሆነ፣ ስክሪኗም ከሰማያዊው የቪጂኤ ገመድ በቀር ሌላ የማይቀበል ምስኪን ናት። ጽሑፍ ለመጻፍ ማን ብሏት! ቪዲዮ እናቀናብር ስንል ግን ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ይከተላል። የአሥራ ሁለት ደቂቃ ሥራ አዘጋጅታ እስክትጨርስ እኛ አቦል ብለን ጀምረን በረካ ላይ እንደርሳለን።

ምክር ተያዘ። አዲስ ኮምፒውተር የሚታሰብ አልነበረም። ግራፊክስ ካርዱን ብቻ እንቀይር ተባለና ተዋጣን፤ ከመካከላችን «ስለ ኮምፒውተር ያውቃል» የሚባለውን አስቀድመን (ማወቁን የመሰከረው ራሱ ነው) ወደ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሄድን። ባለሱቁ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ አራት ጊጋ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ካርድ አወጣልን። ገልበጥ አድርገን ስናየው ከኋላው የቪጂኤ ቀዳዳ አለው። ደስታችንን አትጠይቁን። ስክሪን ሳንቀይር ሊሠራልን ነው! ካርዱ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይፈልግ ነበር፤ የእኛዋ ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ የላትም። ባለሱቁ «ችግር የለም» ብሎ አንዲት ማገናኛ መረቀልን። ድራይቨሩንም በሲዲ ሰጠን።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከበድ ያለ ቪዲዮ ስንከፍት ኮምፒውተሯ ድርግም ብላ ጠፋች። ስናበራት መጣች፣ ስንሠራባት ጠፋች። የኢንቪዲያን ድራይቨር ከራሱ ከኩባንያው ገጽ አውርደን ልንጭን ስንል «ይህን ካርድ አላውቀውም» አለን። በመጨረሻ ጂፒዩ-ዚ የተባለችውን ነፃ ፕሮግራም ጫንን። እሷም ሳታፍር ከካርዱ ስም ፊት «ሐሰተኛ» የሚል ቃል ለጥፋ አሳየችን። ለካ ውስጡ ያለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የካርዱን ባዮስ ቀይሮ፣ «ማነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሌላ ካርድ ስም እንዲናገር አስተምሮታል።

ከሁሉ የቆጨን ግን ሌላ ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ የቪጂኤ ቀዳዳ የለውም። በእሱ ትውልድ ኢንቪዲያ የአናሎግ ምስል መውጫን ከቺፑ አስቀርቶት ነበር። ሊያስጠነቅቀን በሚገባው ነገር ነው የተደሰትነው።

በዚህ ብስጭት ነው ወደ ታሪክ የገባነው። ሌባውን ለማወቅ ብለን አይደለም፤ እሱ ያው ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነበር። አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው አንዲት ካርድ ቀይሮ ዕድሜዋን ማራዘም መቼ ይችል ነበር? መቼስ አቃተው? (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሌላ ካላልን በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደል ያስጨነቀው ተማሪ

አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ሁለት ዓይነት የስክሪን ካርድ አቀረበ። አንደኛው ኤምዲኤ ይባላል። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ ሥዕል ግን አያውቅም። የሚያውቀው በቺፑ ላይ የተቀረጹለትን 256 ምልክቶች ብቻ ነው። ሁለተኛው ሲጂኤ ነው። ሥዕል ይሥላል፣ ቀለምም አለው፤ ግን በ320 በ200 ነጥብ አራት ቀለም ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ጽሑፉም ዓይን ያጠፋል። ገዢው ወይ ይህን ወይ ያን ይምረጥ ተባለ።

ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ ተማሪ አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ጽሑፉን በታይ ፊደል መጻፍ ፈለገ። ኤምዲኤ ፊደሉን አያውቀውም፣ ሲጂኤ ደግሞ ያደበዝዘዋል። ሰውየው የራሱን ካርድ ሠራ። ሄርኩለስ የተባለው ካርድ በ1982 ሲወጣ 720 በ348 ነጥብ ያለው ሥዕል፣ በዚያው በርካሹ ባለ አንድ ቀለም ስክሪን ላይ ያሳይ ነበር። ስክሪን መቀየር አያስፈልግም። ካርዷን ሰካ ማድረግ ብቻ! ሎተስ 1-2-3 የተባለው የሒሳብ ሰንጠረዥ ሶፍትዌር ከሄርኩለስ ጋር መሥራት ሲጀምር ካርዱ በየቢሮው ተስፋፋ።

ይህን ስናነብ ለምን ልባችን እንደተነካ የአማርኛ አንባቢ ይገባዋል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ነው። የላቲኑን ፊደል፣ ቁጥሩንና ምልክቶቹን አስቀምጦ ለዚህ ሁሉ በ256 ቦታ ውስጥ ማረፊያ ከየት ይመጣል? ቦታው ቢገኝ እንኳ በኤምዲኤ ቺፕ ላይ የተቀረጸው አይፋቅም። ሀ ሁን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለማየት ካርዱ የተሰጠውን ቅርጽ ሁሉ የሚሥል መሆን ነበረበት። በ1984 የመጣው ኢጂኤ፣ ቀጥሎም በ1987 ከአይቢኤም ፒኤስ/2 ጋር የወጣው ቪጂኤ የፊደል ቅርጽን ከሶፍትዌር የሚቀበሉ ሆኑ። በዶስ ዘመን አማርኛ ያስጻፉን ፕሮግራሞች የቆሙት በእነዚህ ካርዶች ትከሻ ላይ ነው። ግራፊክስ ካርድ የጌም ወዳድ ቅንጦት ነው የሚለን ሰው ሲገጥመን ይህን እንነግረዋለን።

ያ የ1987ቱ ቪጂኤ፣ ሰማያዊ ገመዱና አሥራ አምስት ቀዳዳው፣ ዛሬም በጠረጴዛችን ላይ አለ። በሠፈራችን ግራፊክስ ካርድን በራሱ «ቪጂኤ» የሚሉት ብዙ ናቸው። ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ሳምሰንግና ሌሎችም በታኅሣሥ 2010 «ከ2015 በኋላ ይህን መውጫ እንተወዋለን» ብለው በጋራ አስታውቀው ነበር። እነሱ ተዉት። የእኛ ስክሪን አልሰማም።

ሳይጥሉ መጨመር

ቀጥሎ ያለው ዘመን ለኪሰ ሳሳው ሰው ደግ ነበር ብንል አልተሳሳትንም። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለ በ1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ሦስት አውታር ሥዕል የሚሥል ቺፕ ሠራ። በ1996 የሜሞሪ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። በጌም ማጫወቻ አዳራሾች ላሉ ውድ ማሽኖች የታሰበው ነገር በድንገት ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን ሆነ። ቩዱ የተባለው ይህ ካርድ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ዋጋው ወደ 300 ዶላር ገደማ ነበር። ርካሽ አይደለም።

የሚገርመው ግን አሠራሩ ነው። ቩዱ ተራውን የዊንዶውስ ገጽ ማሳየት ጭራሽ አይችልም። አሮጌው ካርድ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ምስሉ ከእሱ በአጭር ገመድ ወደ ቩዱ ይሄዳል፣ ከቩዱ ወደ ስክሪን። ጌም ሲከፈት ቩዱ ይረከባል፣ ሲዘጋ ለአሮጌው ያስረክባል። ኦርኪድ የተባለው ኩባንያ ባወጣው የመጀመሪያው ቩዱ ላይ ይህ ርክክብ የሚፈጸመው በሜካኒካል ማብሪያ ስለነበር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በጥር 1997 ክዌክ የተባለው ጌም ለእንዲህ ያሉ ካርዶች የተዘጋጀ ቅጂው ሲወጣ፣ ያቺን «ቀጭ» የሰማ ሰው ትናንት የነበረውን ኮምፒውተር ዛሬ አላወቀውም። በ1998 የወጣው ቩዱ 2 ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ፤ ሁለት ካርድ ጎን ለጎን አስሮ ማሠራት። አንድ ገዝተህ ታስቀምጣለህ፣ ብር ሲገኝ ሁለተኛውን ትጨምራለህ። እቁብ በሉት።

አልቆየም። ስሪዲኤፍኤክስ ለሌሎች ቺፕ መሸጡን ትቶ ኤስቲቢ የተባለውን የካርድ አምራች ገዛና ካርዱን ራሱ መሥራት ጀመረ። ደንበኞቹ የነበሩት አምራቾች ፊታቸውን ወደ ተፎካካሪዎቹ አዞሩ። በታኅሣሥ 2000 ንብረቱን ለኢንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። ኢንቪዲያን ጄንሰን ሁዋንግ፣ ክሪስ ማላኮውስኪና ከርቲስ ፕሪየም በ1993 ሲመሠርቱት የተመካከሩት ሳን ሆዜ ውስጥ ባለ ዴኒስ በሚባል ተራ ምግብ ቤት ነው። (እኛም የምንመካከረው ሻይ ቤት ነው። ልዩነቱ ምን እንደሆነ አልገባንም።)

በስም መሸጥ

የባዮስ ሌባችን ፈጣሪ አይደለም፤ ስም የማሳሳት ጥበብ በሕጋዊው ገበያም ነበረች። በ2001 የወጣው ጂፎርስ 3 የጌም ሠሪዎች እንደፈለጉ ፕሮግራም የሚያደርጉት አዲስ የአሣሣል ዘዴ ይዞ መጣ። በየካቲት 2002 ኢንቪዲያ ጂፎርስ 4 ኤምኤክስ የተባለ ርካሽ ካርድ አወጣ። አራት ከሦስት ይበልጣል፤ ሕፃንም ያውቀዋል። ግን ኤምኤክሱ ያን አዲስ ዘዴ አልያዘም፤ ውስጡ ለጂፎርስ 2 ይቀርባል። ክዌክን የሠራው ጆን ካርማክ በጊዜው ስሙ ሰውን እንደሚያደናግር ጽፎ አስጠንቅቋል። ካርዱ ግን እንደ ጉድ ተሸጠ።

ሒሳቡ የመጣው በ2003 ነው። ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ፦ ዘ ሳንድስ ኦፍ ታይም የተባለው ጌም አዲሱን ዘዴ የግድ ይፈልግ ስለነበር በጂፎርስ 4 ኤምኤክስ አይሠራም ተባለ። በዚያው ዓመት ለኮምፒውተር የወጣው ቫይስ ሲቲ ግን በዚያው ካርድ ላይ ይጫወቱበታል። ከመካከላችን ሁለቱ ልጅ ሆነው ቫይስ ሲቲን ሲጠግቡ «ፕሪንስን» ግን በጎረቤት ቤት በር ላይ ቆመው ያዩበት ምክንያት ዛሬ ገና ተገለጠላቸው።

ያ ዘመን ለርካሽ ገዢ የተረሳ በርም ትቶ ነበር። ኤቲአይ በ2002 ራዲዮን 9700 ፕሮን በ399 ዶላር ሲያወጣ፣ ታናሹን 9500ን የሠራው ከዚያው ቺፕ ግማሹን የሥዕል መስመር ዘግቶ ነው። ስምንት የነበረው አራት ሆነ። ሰዎች ቁልፉን አገኙት። መጀመሪያ በብየዳ፣ በኋላ ብየዳም ቀርቶ በተቀየረ ድራይቨር ብቻ የተዘጋው ተከፈተ። ዕድል የቀናው ሰው የ9500 ዋጋ ከፍሎ 9700 የሚስተካከል ካርድ አገኘ። ዕድል የከዳው ደግሞ ስክሪኑ ላይ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ጥልፍልፍ ይወጣበታል፤ የተዘጉት መስመሮች እውነትም ብልሽት ስለነበረባቸው ነው የተዘጉት። በ2003 9500ን የተካው 9600 ከመነሻው አራት መስመር ብቻ ይዞ ስለተሠራ የሚከፈት በር ጠፋ።

ልብ በሉ። እዚህም ያለው ነገር ሶፍትዌር ቀይሮ ካርድን ሌላ ማድረግ ነው። እኛ ላይ የደረሰውም ያው ነው። የያኔው የተዘጋውን መክፈት ነበር፤ የእኛው የሌለውን አለ ማለት።

ቀዳዳው ሲቀየር

እስከ 2004 ድረስ ካርድ የሚሰካው ኤጂፒ በተባለው ቀዳዳ ነበር። ኢንቴል በ1997 ያስገባው፣ ለግራፊክስ ብቻ የተለየ መንገድ ነው። በ2004 አጋማሽ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መጣ። ቅርጹ ሌላ፣ የኤሌክትሪክ ቋንቋው ሌላ። አዲሱ ካርድ ለአሮጌው ማዘርቦርድ አይገባም፣ አሮጌውም ለአዲሱ።

አሁን ታሪኩ ስለ ካርድ መሆኑ ቀረ። ካርድ ለመቀየር ማዘርቦርድ ይቀየራል። ለአዲሱ ማዘርቦርድ የድሮው ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሜሞሪውም ከዲዲአር ወደ ዲዲአር 2 እየተሻገረ ነበር። ፓወር ሰፕላዩም አዲስ መሰኪያ ያሻዋል። አንድ ክር ሲመዘዝ ጋቢው በሙሉ ይተረተራል።

ኩባንያዎቹ ለተወሰነ ጊዜ ድልድይ ሠርተዋል፤ ለአድናቆት የሚገባ ነው። ኢንቪዲያም ኤቲአይም አንዱን ቋንቋ ወደ ሌላው የሚተረጉም ቺፕ በካርዱ ላይ አስቀመጡ። በዚህ መንገድ አዲስ ቺፕ ያላቸው የኤጂፒ ካርዶች ለዓመታት መውጣታቸው ቀጠለ። በ2006 ጂፎርስ 7800 ጂኤስ፣ በ2008 ደግሞ ራዲዮን ኤችዲ 3850 በኤጂፒ ተሸጡ። ቀዳዳው ሞተ ከተባለ ከአራት ዓመት በኋላ! ግን ዋጋቸው ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ወንድሞቻቸው የተወደደ ነበር፤ ድራይቨራቸውም እንደ እንጀራ ልጅ ተለይቶ የሚለቀቅ ሆነ። አሮጌ ዕቃ ያለው ሰው ለተመሳሳይ ነገር የበለጠ ይከፍላል። ይህን ሕግ ውኃ በጀሪካን የገዛ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል።

ፒሲአይ ኤክስፕረስን ግን አንሙተው። ከ2004 ጀምሮ ስንት ትውልድ ተፈራርቆ ቀዳዳው ያው ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እንዲግባባ ተደርጎ ነው የተሠራው። የእኛዋ የጨረታ ኮምፒውተር ዛሬም ተስፋ ያላት በዚህ ምክንያት ነው።

ዋትና ብር

ቀዳዳው ሲገኝ ቀጣዩ ጥያቄ ምግብ ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላይ በቀጥታ ገመድ ይፈልጋል። የቢሮ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህ ገመድ የለውም፤ ፓወር ሰፕላዩም ለጽሑፍና ለሒሳብ የሚበቃ ብቻ ነው። የእኛ ሐሰተኛ ካርድ፣ ማለትም 550 ቲአይ፣ 116 ዋት የሚፈልግ ነው። ባለሱቁ የመረቀልን ማገናኛ ያን ኃይል የሚጎትተው ለሃርድ ዲስክ ከታሰበ ቀጭን ገመድ ነው። ኮምፒውተሯ ብትጠፋ አይፈረድባትም፤ ባትጠፋ ኖሮ ነበር የሚያስፈራው።

ለዚህ ነው በየካቲት 2014 የወጣውን ጂቲኤክስ 750 ቲአይን በታሪክ ውስጥ ከፍ አድርገን የምናስቀምጠው። ዋጋው 149 ዶላር፣ የሚበላው 60 ዋት፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ። ትላልቆቹ ካርዶች እርስ በርስ በፍጥነት ሲሽቀዳደሙ ይህ ካርድ ከቢሮ የተጣሉትን ኮምፒውተሮች አስነሳ። ክዳኑን ክፈት፣ ሰካ፣ ክዳኑን ዝጋ። በጥቅምት 2016 እውነተኛው 1050 ቲአይ በ139 ዶላርና በ75 ዋት ተከተለው። አሁን ለምን አጭበርባሪዎች የ1050 ቲአይን ስም እንደመረጡ ገባን። የድሃ ሰው ምኞት የሚሰበሰብበት ስም ነው።

እስኪ ይህን በብር እንየው። በ2014 መጀመሪያ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 19 ብር ገደማ ነበር። የ750 ቲአይ ዋጋ ቀረጡንና የነጋዴውን ትርፍ ሳንጨምር ወደ 2,800 ብር ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2024፣ ኢንቪዲያ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ሌላ ካርድ አወጣ፤ 6 ጊጋ ሜሞሪ ያለው አርቲኤክስ 3050፣ በ170 ዶላር ገደማ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተወሰነ፤ በ2024 መጨረሻ ዶላር ወደ 125 ብር ደረሰ። ያው ካርድ ከ21 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በአሜሪካ በአሥር ዓመት ሃያ ዶላር የጨመረ ዕቃ እዚህ ከሰባት እጥፍ በላይ ጨመረ። ካሊፎርኒያ ያለው ጸሐፊ «ርካሽ ካርድ» ሲል እኛ የምንሰማው ሌላ ነገር ነው።

ቆፋሪዎቹ

ይህ ሁሉ ሳያንስ ደግሞ ጌምም ቪዲዮም የማይፈልጉ ገዢዎች ገበያውን ወረሩት። ኢቴሪየም የተባለውን ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ «መቆፈር» ይቻል ስለነበር በ2017 እና እንደገና ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ካርድ ከመደብር ጠፋ። በ699 ዶላር ይወጣል የተባለው አርቲኤክስ 3080 በእጥፍና ከዚያ በላይ ተቸበቸበ። በ2021 መጀመሪያ ኢንቪዲያ የአራት ዓመቱን 1050 ቲአይ ከመቃብር አውጥቶ ቺፑን ለአምራቾች እንደገና ማቅረብ ጀመረ። ይህ ካርድ አራት ጊጋ ሜሞሪ ብቻ ስላለው በ2020 መጨረሻ ኢቴሪየም ለመቆፈር ከጥቅም ውጭ ሆኖ ነበር። ቆፋሪው የማይፈልገው በመሆኑ ለተራው ሰው ተረፈለት። ድህነት አንዳንዴ ይሰውራል።

መስከረም 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ቀየረና ካርድ የሚያስቆፍር ነገር ቀረ። ሲቆፈርባቸው የኖሩ ካርዶች በዓለም ዙሪያ ገበያውን አጥለቀለቁት። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ በርካሽ የውኃ ኃይል ቢትኮይን የሚቆፍሩት ድርጅቶች ይህን ታሪክ አይነኩትም። የእነሱ ማሽን ለአንድ ስሌት ብቻ የተሠራ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ወደ ጠረጴዛችን ይመጣል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ስክሪን የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳ የለውም።

ቀዳዳው ያው፣ መንገዱ ጠባብ

ተጭበርብረን ከተመለስን በኋላ «አዲስና ርካሽ እንግዛ» የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር። ኤኤምዲ በ2022 ያወጣቸውን ራዲዮን 6500 ኤክስቲን እና 6400ን አየን። የ6400 ዋጋው 159 ዶላር ነው፣ ተጨማሪ ገመድም አይፈልግም። ልንወስን ስንል ዝርዝሩን አነበብን። ሁለቱም ካርዶች በዚያ ረጅም ቀዳዳ ውስጥ የሚጠቀሙት አሥራ ስድስቱን መስመር ሳይሆን አራቱን ብቻ ነው። አራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ባለው አዲስ ማዘርቦርድ ላይ አራቱ መስመር ይበቃሉ። በሦስተኛው ትውልድ ላይ ግን ያው አራት መስመር ግማሹን ብቻ ያሳልፋል። ርካሽ ካርድ የሚገዛው ደግሞ አሮጌ ማዘርቦርድ ያለው ሰው ነው! በዚያ ላይ ሁለቱም ቪዲዮ በሃርድዌር የሚያዘጋጅ ክፍል የላቸውም። እኛ ካርድ የፈለግነው ለምን ነበር?

የኢንቴል አርክ ካርዶችም ተስፋ ሰጥተውን ነበር፤ በ2022 የጀመሩ፣ ለዋጋቸው ጠንካራ፣ በቪዲዮ በኩልም የተመሰገኑ። ግን በትክክል ለመሥራት ማዘርቦርዱ ሪሳይዘብል ባር የተባለ ነገር እንዲኖረው ኢንቴል ራሱ ይመክራል። የእኛዋ ስሙንም አልሰማች።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ በጎ ነገር እንጥቀስ። በ2021 ኤኤምዲ ያወጣው ኤፍኤስአር ጌሙን በትንሽ መጠን አሥሎ ወደ ትልቅ የሚያሳድግ ሶፍትዌር ነው። የተፎካካሪውን የኢንቪዲያን አሮጌ ካርዶችም ይጠቅማል። ዲኤልኤስኤስ የተባለው የኢንቪዲያ ተመሳሳይ ዘዴ ግን አርቲኤክስ ላልሆነ ካርድ አይሠራም። የገዛ ካርዳቸውን ኩባንያው ሲተዋቸው ያነሳቸው ጠላቱ ሆነ።

እናም ምን አደረግን? ካርዱን ይዘን ወደ ሱቁ ተመለስን። «እኔም የገዛሁት እንደዚያ ተብሎ ነው» አለን፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ግማሹን ገንዘብ መለሰልን፤ ካርዱንም አልፈልግም ብሎ ተወልን። እንደገና ተዋጣን። በዚህ ጊዜ ያገለገለ 1050 ቲአይ ከአንድ ግለሰብ ገዛን፤ ገንዘብ ከመስጠታችን በፊት እዚያው ሰክተን፣ ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዘን ሄደን፣ የቪጂኤ ቀዳዳ አለመኖሩንም በዓይናችን አይተን። ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን ዓይነት ነው የመረጥነው። ስክሪናችን ግን ያው ስክሪን ነው፤ ስለዚህ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ለብቻው መግዛት ነበረብን። ሲሠራ ይሞቃል፤ እጃችንን አልፎ አልፎ እናሳርፍበታለን።

ኢንቪዲያ ለዚህ ካርድ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ እስከ ጥቅምት 2028 የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ይለቀቃል። በዚያው ወር የዊንዶውስ 10 ድጋፍም አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኛን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ስለዚህ የገዛነው ጊዜ ነው፤ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ቢረዝም። የአሥራ ሁለት ደቂቃው ቪዲዮ አሁን አቦል ሳይቀዳ ያልቃል።

ሐሰተኛው ካርድ አሁንም እኛ ዘንድ ነው። ከመካከላችን አንዱ «እኛስ ለምን አንሸጠውም? ያወጣነውን እንመልስ» አለ። ዝም ተባባልን። ብሩ ያስፈልገን ነበር፤ የአንዳችን የቤት ኪራይ በዚያ ሳምንት ነበር የሚደርሰው። ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለሁለት። ተለጣፊውን በምላጭ ፍቀን አነሣነውና በማርከር «550 ቲአይ፣ 116 ዋት» ብለን ጻፍንበት። መደርደሪያው ላይ ነው። የሚበቃ ፓወር ሰፕላይና የቪጂኤ ስክሪን ያለው ሰው ከመጣ በነፃ ይወስደዋል፤ ሲዲውን ግን አንሰጠውም።